ሁለት ዳቦ

የደም ግፊት መለኪያው ጨርቅ ከክንድ ላይ ሲላቀቅ የሚያሰማው ድምፅ አለ፤ «ጠርርር» የሚል። ባለፈው ሳምንት ጀሞ፣ ከምኖርበት ኮንዶሚኒየም ሥር ካለው መድኃኒት ቤት ተቀምጬ ያንን ድምፅ ስሰማ፣ የአልኮል ጥጥ ሽታ ተከትሎት መጣና አባቴ አጠገቤ ያለ መሰለኝ። ፋርማሲስቷ ቁጥሩን ነገረችኝ። «እትዬ፣ ያሳሰበዎት ነገር አለ እንዴ?» አለችኝ። «የለም» አልኳት። ያንን ጥያቄ እኔ አባቴን አንድም ቀን ጠይቄው አላውቅም።

ያኔ መካኒሳ ነበርን፤ እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነበርኩ። አባቴ ስኳርም ግፊትም ነበረበት። ታላቅ ወንድሜ በባሕር ወደ ዓረብ አገር ከወጣ ወራት አልፈው ነበር። አንድ ቀን አክስቴ የመን ውስጥ መታሰሩን ሰምታ መጣችና እናቴን ጓዳ አስገብታ ነገረቻት። እናቴ አፏን በነጠላዋ ይዛ አለቀሰች። ከዚያ እኔን ጠርተው አስማሉኝ።

«አባትሽ እንዳይሰማ። ከሰማ በድንጋጤ ክው ብሎ ይቀራል።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ የወንድሜን ስም አላነሳንም። የሚገርመው፣ አባቴም አላነሳም። እፎይ አልን።

የእኔ ድርሻ የአባቴን አፍ መጠበቅ ሆነ። በሰማያዊ ደብተር የሚበላውንና ጤና ጣቢያ ጣቱን ተወግቶ የሚነገረውን ቁጥር እመዘግብ ነበር። መጀመሪያ ይስቅብኝ ነበር። «የኔ ኢንስፔክተር፣ ዛሬስ ስንት ጎረስኩ?» ይለኛል። ጎመን እየበላ፣ ሻዩን መራራውን እየጠጣ ስኳሩ አልወርድ አለ። ጠዋት ጠዋት ዓይኑ ደም መስሎ ይነሳ ነበር። ለእንቅልፍ ግን ደብተሬ ላይ ቦታ አልነበረኝም።

አንድ ቅዳሜ «እግሬን ላፍታታ» ብሎ ሲወጣ ከመንገዱ ማዶ ተከተልኩት። ዳቦ ቤት ገባ። ሁለት ዳቦ በፌስታል ይዞ ሲወጣ የትኩሱ ሽታ እኔ ጋ ደረሰ። ወያላው «ፉሪ! ፉሪ!» እያለ የሚጠራበት ሚኒባስ ውስጥ ገባና ሄደ። እኔ ማስረጃዬን ይዤ ተመለስኩ። ዛሬ ጀማሪ ዘጋቢዎችን የምቆጣው ለዚህ ዓይነቱ ጥፋት ነው፤ ግማሹን አይቶ ሙሉውን መጻፍ።

ማታ እራት ላይ፣ አክስቴና ጎረቤቶች ባሉበት፣ ደብተሬን ገለጥኩ። «ዳቦ ቤት ስትገባ አይቼሃለሁ። ሁለት ዳቦ! እኛ በአንተ ስንሳቀቅ አንተ ተደብቀህ ትበላለህ?»

መጀመሪያ ያየው እናቴን ነበር። ከዚያ እኔን አየኝ። «እሺ፣ አጥፍቻለሁ» አለ።

«ወይ ጉድ! በዚህ ዕድሜ የዳቦ ሌባ!» አለች አክስቴ። ቤቱ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ከዚያ ወዲያ ኢንስፔክተር ብሎ ጠርቶኝ አያውቅም።

ክረምቱ ሳይወጣ ልቡ ቆመች። በሠልስቱ ዝናብ የድንኳኑን ሸራ እየደበደበ፣ አንድ የከሳ ወጣት አጠገቤ ተቀመጠ። ከየመን ተመላሽ ነው፤ ከወንድሜ ጋር አንድ ክፍል ታስሮ ነበር።

«ፋዘር ቅዳሜ ቅዳሜ ፉሪ ድረስ ይመጡልኝ ነበር» አለኝ። «ዳቦ ይዘው። ‹አንተ ብላ፣ እኔ ተከልክያለሁ› ይሉኝና ስለ ልጃቸው እስራት ያንኑ ወሬ ደጋግመው ያስወሩኛል። ሲሄዱ ‹አደራህን፣ እናቱ እንዳትሰማ፣ ትደነግጣለች› ይሉ ነበር።»

ወንድሜ ቆይቶ ተመለሰ፤ አባቴን ግን አላገኘውም። እኔ ዘጋቢ ሆንኩ። ለሥራ ያነጋገርኩት አንድ የልብ ሐኪም፣ ረጅም ጭንቀትና የተቆራረጠ እንቅልፍ ግፊትንም ስኳርንም ከፍ እንደሚያደርጉ አስረዳኝ። «ታዲያ አንድ ሰው በሐሳብ ሞተ ማለት ይቻላል?» አልኩት። «በአንድ ሰው ላይ እንዲያ ብለሽ መፍረድ አትችይም» አለኝ። እንዳለው ጻፍኩ። አባቴን ዝምታችን ገደለው አልልም፤ እናቱም ስኳር ነበረባት፣ እሱም ሲጋራ ያጨስ ነበር። የማውቀው ሦስታችንም አንድ ቤት ውስጥ አንድ ሐሳብ ይዘን፣ እሱ ብቻውን እንደተሸከመው ነው። በላዩ ላይ የጨመርኩበትንም አውቃለሁ።

በእኛ ሙያ ስህተት ሲገኝ እርማት ይወጣል። ሰማያዊው ደብተር አሁንም አለኝ። ከመድኃኒት ቤቱ ስመለስ አወጣሁትና፣ «ቅዳሜ፣ ሁለት ዳቦ» ከሚለው ሥር «አባቴ አልበላም» ብዬ ጻፍኩ።