የማያቃጥል ብርሃን

ከአጋሮ ወደ ጅማ በሚሄደው አውቶቡስ ከለጢፋ አጠገብ የተቀመጡት ሽማግሌ የኮታቸው እጅጌ በአሲድ ተበሳስቷል፤ ጣቶቻቸውም ቢጫ ሆነዋል። በጨርቅ የተጠቀለለ ጠርሙስ ደረታቸው ላይ አስጠግተው ይዘዋል።

«ምንድን ነው ጋሼ?»

«ማታ ቡና ሥር የምታበራዋን ጥንዚዛ ታውቂያት የለ? ብርሃኗ አያቃጥልም። እሱን በኬሚካል ልሠራ ስለፋ ከረምኩ፤ አሁን ሰመረልኝ።»

«ኩራዝ እያለልዎ?»

ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ልጄ የታሰረበት ክፍል ጨለማ ነው አሉ። ክብሪት አያስገቡም።»

ኬላው ላይ አብዮት ጥበቃው ጠርሙሱን ከፍቶ አሸተተና «ቤንዚን ነው!» ብሎ መንገዱ ላይ ደፋው። ፈሳሹ በፀሐይ ተራ ውሃ መሰለ። ሽማግሌው ባዶውን ጠርሙስ ተቀበሉ።

«አላህ ያስፈታልዎ» አለች ለጢፋ።

«አሜን» አሉና ኮታቸውን ባዶው ጠርሙስ ላይ ጋርደው፣ የቀረች ጠብታ ታበራ እንደሆን አጮለቁ። ብዙ ቆዩ፤ ቀና አላሉም።