ጣናን በግራሽ

ወረታ ላይ ቂብላ የሚጠፋበት ሰው የለም። እኔን ለሶላት ወዴት እንደምዞር ያስተማረችኝ እናቴ ናት፤ ጥጥ እየፈተለች፣ እንዝርቷን እንኳ ሳታስቀምጥ። «ጣናን በግራሽ፣ የደብረ ታቦርን መንገድ በቀኝሽ አድርገሽ ቁሚ። ፊትሽ ወደ ጎንደር ከዞረ ወደ መካ ዞረ ማለት ነው» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ማንንም ጠይቄ አላውቅም።

ቤሩት ለሰው ቤት ሥራ የሄድኩት ለእሷ ብዬ ነው። ስኳር በሽታው እግሯን ይዟት ነበር። ወንድሜ የሚያርሳት የፎገራ መሬት ክረምት በመጣ ቁጥር ውሃ ይተኛባታል፤ ከሚተርፈው ሩዝ እንበላ ይሆናል እንጂ መድኃኒት አይገዛም። ስሸኝ በእጇ ከፈተለችው ጥጥ የተሠራ ኩታ ሰጠችኝ። «በዚህ ላይ ስገጂበት፣ የኔ ዓለም። እስክትመለሺ አላህ እንዲያቆየኝ ለምኚልኝ።» ውላችን ይኸው ነበር፤ እኔ እለምናለሁ፣ እሷ ትቆየኛለች።

ማዳም ክርስቲያን ናት። ክፉ ናት አልልም፤ ሶላት ግን ሥራ መሸሺያ ይመስላታል። ሱብሒን እሷ ሳትነሳ እሰግዳለሁ። የቀትሩን ዙህርና ከሰዓት በኋላ ያለውን አስር ከወጥ ቤቱ ጀርባ፣ ልብስ በሚሰጣባት ጠባብ ሰገነት ላይ፣ ጆሮዬን ወደ በሩ ጥዬ እጣደፋለሁ። በረመዳን «ጨዉን ቅመሺ» ትለኛለች። በምላሴ ጫፍ ነካ አድርጌ እተፋዋለሁ። «የኔን ምግብ ነው የምትተፊው?» ብላ ትቆጣለች። ምግቡን የሠራሁት እኔ ነኝ!

ቂብላውን ግን ገና በመጀመሪያው ቀን አገኘሁት። ከሰገነቷ ላይ በሁለት ሕንፃዎች መካከል ባሕር ይታያል። አመሻሹ ላይ ፀሐይዋ እዚያ ባሕር ውስጥ ገባች፤ ልክ ጣና ውስጥ እንደምትገባው። ደስ አለኝ፤ አገሬን ያገኘሁ መሰለኝ። ባሕሩን በግራዬ አድርጌ፣ ኩታዬን አንጥፌ፣ ፊቴን ወደ ልብስ ማጠቢያው ማሽን አዙሬ «አላሁ አክበር» አልኩ። ባሕሩም ፀሐይዋም እናቴ ባለችኝ በኩል ነበሩ፤ ምን ብዬ ልጠራጠር?

ከሰገነቷ በታች፣ ግቢው ውስጥ፣ የሕንፃው ዘበኛ ካርቶን አንጥፎ ይሰግዳል። ሶርያዊ ሽማግሌ ነው። የሚሰግደው ግን እኔ በምሰግድበት ተቃራኒ ነው። ሳየው አንጀቴን ይበላኝ ነበር። በዚህ ዕድሜው ጀርባውን ለካዕባ ሰጥቶ ሲደክም የሚነግረው ሰው ይጥፋ? ስጨርስ ለእሱም ዱዓ አደርግለታለሁ፤ አላህ ያመላክተው ብዬ።

ማዳም አንዳንድ ጊዜ በስልኳ ወደ ቤት ታስደውለኝ ነበር። አንድ ቀን ስደውል እናቴ የለችም። ወንድሜ «ወንዛዬ ፍል ውሃ ሄዳ ነው፤ ለእግሯ ይሻላታል ብለዋት። እዛ ኔትወርክ የለም» አለኝ። በሌላ ጊዜም ወንዛዬ ናት። ቆይቼ ስደውልም ወንዛዬ ናት፤ «ተስማምቷታል እኮ» አለኝ። አመንኩት። ሌላውን ለማሰብ አቅም አልነበረኝም። ማዳም በሩን እየደበደበችም ቢሆን በግንባሬ ተደፍቼ ሱጁዴን አስረዘምኩ። ያ አላህ፣ ፍል ውሃውን መድኃኒት አድርግላት፤ እስክመጣ አቆይልኝ።

መመለሻዬ ሲቃረብ ቆሻሻ ልጥል ወረድኩና ዘበኛውን አገኘሁት። ሳልነግረው ብሄድ ኃጢአቱ የኔ ነው ብዬ፣ ቃላት እየመረጥኩ፣ «አባቴ፣ ቂብላው እኮ በዚያ ነው» አልኩት። አልሳቀብኝም። ስልኩን አወጣና አቅጣጫ የምትጠቁመውን ቀስት አሳየኝ። ቀጥሎ እጁን ወደ ደቡብ ዘረጋ። «መካ በዚህ ነው። አገርሽም በዚሁ ነው፤ መካን አልፈሽ።»

እኔ ከመካ ወዲህ ተወልጄ ከመካ ወዲያ ማዶ መሻገሬን አላሰብኩትም ነበር። ሽማግሌው በሐዘኔታ አየኝ፤ እኔ እሱን ሳየው በኖርኩበት ዓይን። የዚያን ቀን አስርን ባሕሩን በቀኜ አድርጌ ሰገድኩ። እያለቀስኩም ቢሆን ተስፋ ነበረኝ፤ ከእንግዲህ ልመናዬ ይደርሳል፣ በሚቀጥለው ስደውል ስልኩን እሷ ታነሳዋለች አልኩ። ወንድሜ አነሳው። ወንዛዬ ናት አለኝ።

ወረታ መገንጠያው ላይ ከመኪና ወርጄ በባጃጅ ወደ ቤት ስሄድ ከሩቅ ሰው በራችን ላይ ተሰብስቦ አየሁ። የሚስቅልኝ ሰው ግን አጣሁ። በስደት ላለ ሰው መርዶ በስልክ አይነገርም፤ የአገሩ ደንብ ነው። እናቴ ከሞተች ዓመት አልፏት ነበር። መጀመሪያ ወንዛዬ ሄዳለች የተባልኩ ዕለት ተቀብራለች።

የሰፈራችንን ሸህ «ያ ሁሉ ሶላቴ የት ገባ?» ብዬ ጠየቅኳቸው። «ቂብላው የጠፋበት ሰው በመሰለው በኩል ቢሰግድ ሶላቱ ሶላት ነው፤ አላህ ባላወቅሽው አይዝሽም» አሉኝ። እሳቸው አይዋሹም። ግን ልመናዬ ደርሶ ከነበረ እናቴ ለምን ሞተችብኝ? ካልደረሰ ደግሞ ያላደረስኩት እኔ ነኝ። በየትኛውም በኩል ባዞረው መውጫ የለውም። ዛሬም እሰግዳለሁ፣ አንድም አላሳለፍኩ፤ እጄን ለዱዓ ስዘረጋ ግን የምለምነው ነገር ይጠፋኛል።

መቃብሯ የክረምት ውሃ የማይደርስበት ከፍታ ላይ ነው። ወንድሜ እንዴት አድርጎ እንዳስተኛት በእጁ አሳየኝ፤ ራሷ ወደ ደብረ ታቦር፣ እግሯ ወደ ጣና፣ በቀኝ ጎኗ። «ፊቷን ወደ ቂብላ ያዞርኩት እኔ ነኝ» አለ፤ ያጽናናኝ መስሎት።

ባሳየኝ በኩል ቀና ብዬ አየሁ። የጎንደር መንገድ ነው። ከጎንደር ወዲያ መካ አለ፤ ከመካ ወዲያ ያቺ ልብስ የሚሰጣባት ሰገነት። ያን ሁሉ ጊዜ እናቴ አፈር ውስጥ ፊቷን ወደ እኔ አዙራ ተኝታ ነበር። እኔ ዕድሜዋን ስለምን የኖርኩት ጀርባዬን ሰጥቻት ነው።