የጭስ ማውጫው ትንፋሽ

የልጄ አሮጌ መኪና ዳገት አልወጣ ብላው እኔን እንዳሳፈረ አብነት ሰፈር ያለ ጋራዥ ይዟት ገባ። መካኒኩ ጎንበስ ብሎ መዳፉን ጭስ ማውጫው አፍ ላይ ሲያደርግ ፊቴን አዞርኩ።

በጣሊያን ጊዜ አባቴ ልደታ መኪና ይጠግን ነበር። ጉልበት ያነሳት መኪና ስትመጣ እጄን ጭስ ማውጫው ላይ ያስቀምጥና፣ «ትንፋሿ ከደከመ ታፍናለች ማለት ነው» ይለኛል።

አንድ ቀን የሰፈሩን ሰው እያፈሰ የሚወስደው የጣሊያን ካሚዮን አቅም አጥቶ መጣ። በዋዜማው ዘይት የቀየረለት አባቴ ነው። ሞተሩን ሲነካካ ቆየና ከወታደሮቹ ጋር ለመጣው አስተርጓሚ፣ «አርጅቷል፤ ከእንግዲህ አይሠራም» አለው።

ስምንት ዓመቴ ነው። ያስተማረኝን የረሳ መስሎኝ ሮጬ መዳፌን ጭስ ማውጫው ላይ አደረግኩና፣ «አባዬ፣ ታፍኗል እኮ» አልኩት።

አስተርጓሚው ነገራቸው፤ ወታደሮቹ ጭስ ማውጫው ውስጥ ሽቦ ከትተው ሲስቡ፣ አባቴ እጁን የሚጠርግበት የእኔ አሮጌ ቀሚስ ወጣ። ማን እንደጠቀጠቀው አልጠየቁም።

አስረው ሲወስዱት ዞር ብሎ፣ «በደንብ ተምረሻል» አለኝ።

ያሞገሰኝ መስሎኝ ጥቀርሻ የነካውን መዳፌን እየሳቅኩ አውለበለብኩለት። ከዚያ ወዲያ አላየሁትም።

«እማማ፣ ይንኩትማ፣ ትንፋሽ የለውም» አለኝ መካኒኩ።

እጄን ነጠላዬ ስር ከተትኩ።