ድምፅ ማጉያ የያዘችው የወሎ ልጅ

ቤይሩት፣ መዝረዓ በሚባል ሰፈር ከምድር በታች ባለች አንዲት ጠባብ ክፍል ጸጉር ቤት የከፈትኩት እስራኤል ሊባኖስን ከደበደበችበት የጦርነት ክረምት በኋላ ነው። ከዚያ በፊት እንደ ሁላችንም የሰው ቤት ሠራተኛ ነበርኩ። ጸጉር ቤቷ ሁለት ወንበር፣ አንድ የጸጉር ማድረቂያ ካስክና ጠርዙ የተሰነጠቀ መስታወት ነበራት። ከጥግ በኩል መጋረጃ ሰቅያለሁ፤ የሚሸፋፈኑት ሙስሊም እህቶቼ ጸጉራቸውን የሚሠሩት ከመጋረጃው ወዲያ ነበር።

እሷንም ያወቅኳት እዚያው ነው። ከወሎ የመጣች፣ ቨርደን በሚባለው የሀብታም ሰፈር በአንዲት መምህርት ቤት የምትሠራ ቀጭን ልጅ ነበረች። ሹሩባ እየሠራኋት፣ «እትዬ፣ ፓስፖርትሽ የት ነው?» አለችኝ።

«እዚሁ፣ መሳቢያዬ ውስጥ።»

«እስቲ አሳዪኝ።»

አውጥቼ ሰጠኋት። የራሷ ይመስል ገጾቹን ቀስ እያለች ገለጠቻቸው። «የእኔን ከኤርፖርት ከተቀበሉኝ ወዲህ አይቼው አላውቅም» አለች። «ማዳሜ ክፉ ሰው አይደለችም፣ ወላሂ። ግን የእኔ ፎቶ ያለበት ነገር ለምን እሷ ካዝና ውስጥ ይቆለፋል?»

ከዚያ በኋላ የእሑድ ዕረፍቷን እኔ ጋ ማሳለፍ ጀመረች። የምትመጣዋን ሁሉ ትጠይቃለች። የዕረፍት ቀን አለሽ? እናትሽን በስልክ ታገኛለሽ? ሲወጡ በር ይቆልፉብሻል? መጀመሪያ ሳቁባት። ሥራ ፈት ነች አሏት። አንድ እሑድ ግን አንዲት የጅማ ልጅ፣ የእናቷን ሞት ከዓመት በኋላ መስማቷን እንደ ቀላል ነገር አወራች። ያን ቀን ማንም ጸጉሯን አልተሠራችም። እያንዳንዷ እኔም፣ እኔም ስትል መሸ። ከዚያ ወዲያ ለጸጉር ሳይሆን ለወሬ የሚመጡት በዙ፤ ወንበር ሲያልቅ ደረጃው ላይ ይቀመጡ ነበር።

ቤይሩት ያለን ሐበሾች ብዙ ብንሆንም የምንኖረው እንደ አንድ ሰፈር ሰው ነው። ወሬው ቶሎ ዞረ። የቤተ ክርስቲያን ሴቶች እኔን ልጆቹን ከአሠሪ ቤት ታስኮበልላለች አሉ። የመስጊዱ ሴቶች ደግሞ እሷን ክርስቲያኖች ጋ እየዋለች ከሃይማኖቷ ልትወጣ ነው አሏት። በሌላ ነገር የማይስማሙት ሁለቱ ወገኖች በእኛ ጉዳይ ተስማሙ።

አንድ ቀን እማማ መጣች። ሁላችንም እማማ ነው የምንላት፤ ከእኛ ቀድማ የመጣች፣ በርበሬና ነጠላ የምትሸጥ፣ የታሰረ የምታስፈታ፣ የሞተ የምትሸኝ ሴት ናት። እኔንም አንድ ጊዜ ከእስር ያስወጣችኝ እሷ ናት።

«ልጄ፣ ለሰልፍ ጎዳና ልትወጡ ነው አሉ» አለችኝ። «ሴት ልጅ በሰው አገር አስፋልት ላይ ቆማ ስትጮህ፣ ያኒ፣ ምን ይባላል? እኛን እዚህ ያኖረን እኮ ዝምታችን ነው።»

ያን ጊዜ መጋረጃው ተገለጠ። የወሎዋ ልጅ ግማሽ ጸጉሯ ተጎንጉኖ ግማሹ ተበትኖ ወጣች። «እማማ፣ ዝም ያሉትንስ አሠሪዎቹ መቼ ማሩ?»

እማማ ትክ ብላ አየቻት። «አባትሽ ቢያይሽ ምን ይል ነበር?»

«አባቴ ሥሪ ብሎ ላከኝ። እየሠራሁ ነው።»

እማማ ነጠላዋን ሰብስባ፣ ግድግዳውን እየተደገፈች ደረጃውን ወጣች። አልተቆጣችም። ፈርታልን ነበር።

በሠራተኞች ቀን ሰሞን በነበረው የስደተኛ ቤት ሠራተኞች ሰልፍ እንመጣለን ካሉት ሐበሾች ውስጥ የመጡት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ፊሊፒኖዎችና የስሪላንካ ሴቶች ነበሩ፤ የሊባኖስ ተማሪዎችም ነበሩ። ከተማሪዎቹ አንዱ ድምፅ ማጉያውን ለወሎዋ ልጅ አቀበላት። በዐረብኛ ጀመረች፤ ከዚያ ቀና ብላ ሰገነቶቹን ስታይ ወደ አማርኛ ዞረች። «እኛም የሰው ልጆች ነን! በር አይቆለፍብን! ፓስፖርታችን በእጃችን ይሁን!» ከላይ ልብስ የምታሰጣ አንዲት የአገሬ ልጅ ሰማቻት። እጇን ከፍ አደረገችና ወዲያው ወደ ውስጥ ገባች። ልጅቷ ጮክ ስትል ሻሿ ወደ ኋላ ተንሸራቶ የግንባሯ ጸጉር ታየ፤ ልብም አላለችውም። ስትጨርስ አቀፈችኝ። «አብሽሪ፣ እትዬ፣ ተጀመረ።»

ማን እንደቀረጻት እስከ ዛሬ አላውቅም። ቪዲዮው በፌስቡክ ወሎ ደረሰ። ታላቅ ወንድሟ ደውሎ የተናገረችውን አልጠየቃትም። ያየው ጸጉሯንና ከኋላዋ የቆሙትን ወንዶች ነው። አባታቸው መስጊድ ሲሄድ አንገቱን ደፍቶ እንደሆነ ነገራት። በዚያው ሰሞን ማዳሟም ከጎረቤት ሰማች።

«ማዳሜ ቤቴ ውስጥ ምን አጎደልኩብሽ አለችኝ» ብላ ልጅቷ ደወለችልኝ። ድምጿ ቀጥኖ ነበር። «ምንም አላጎደልሽም አልኳት። እሷ ግን፣ ኸላስ፣ በቃ፣ ወደ አገርሽ ትኬት ቆርጫለሁ አለች። እትዬ፣ ልብሴን እንኳ...» ስልኩ ተቋረጠ።

ቨርደን ሄድኩ። የሕንፃው ዘበኛ፣ ናጡሩ፣ አሳንሰሩ ፊት ቆሞ፣ «ያላ፣ ሂጂ፤ እኔንም ታስባርሪኛለሽ» አለኝ። ከዚያ በቀጥታ እማማ ሱቅ ገባሁ። ነግሬሽ ነበር አላለችኝም። የበርበሬ እጇን ጠርጋ ወደምታውቃቸው ሁሉ ደወለች፤ ለልጅቷ ማዳም ሳይቀር ደወለች፤ ለመነቻት፣ «ሲል ቩ ፕሌ፣ ማዳም» እያለች። በመጨረሻ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «ፓስፖርቷ በሴትዮዋ እጅ ነው። ምን ላድርግ ልጄ?» ልጅቷ ሳልሰናበታት ሄደች።

የሚቀጥለው እሑድ ካስኩን ሰክቼ ተቀመጥኩ። ማንም አልመጣም። ከሰዓት በኋላ የጅማዋን ልጅ መንገድ ላይ አገኘኋትና ሰላም ስላት ዙሪያዋን አየች። «አትቀየሚኝ። ማዳሜ እዚያ ጸጉር ቤት ከሄድሽ እሑድ መውጣት ይቀርብሻል ብላኛለች።» በየሳምንቱ እሑድ መውጣት የቻለችው ከእኛ ጋር ካወራች በኋላ ማዳሟን ደፍራ ጠይቃ ነበር። አልተቀየምኳትም። ግን እዚያው የአንድ ሱቅ በረንዳ ላይ ቁጭ አልኩ።

ከብዙ ፍለጋ በኋላ የወሎዋን ልጅ አገሯ ላይ በዘመድ ስልክ አገኘኋት። እያንሾካሾከች ነበር የምታወራው። «ያልኩት አይቆጨኝም፣ እትዬ። ግን ከመጣሁ ወዲህ ብቻዬን ከግቢ ወጥቼ አላውቅም። ለአንድ ሽማግሌ ሊድሩኝ ነው። ሁለተኛ አትደውዪልኝ።» እሺ አልኳት።

በዓመቱ ለሰልፉ ብቻዬን ወጣሁ። አንዲት የሊባኖስ ተማሪ እየሳቀች በአማርኛ የተጻፈ ካርቶን ሰጠችኝ። ፊደሎቹ ተዛንፈዋል፤ አንዱ ቃል ጭራሽ ትርጉም የለውም። ያን ጽሑፍ ማንበብ የሚችል ሰው በሰልፉ ውስጥ ከእኔ በቀር አልነበረም። «ልክ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ልክ ነው አልኳት። ጥቂት መንገድ ተሸክሜው ሄድኩና ለሌላ ሰው ሰጥቼ፣ ወደ ሰፈሬ ወደ ሺያህ ከሚሄዱት የጋራ ታክሲዎች አንዱን አስቁሜ ገባሁ። ሹፌሩ በሰልፉ መንገድ ስለተዘጋበት እስከ ቤቴ ድረስ ሲሳደብ ነበር፤ እኔም ዝም ብዬ ሰማሁት።