አፉን የዘጋው ተዋናይ

የእስር ክፍሉ መስኮት በቆርቆሮ ተደፍኗል። ስገባ መጀመሪያ ያየሁት እሱን ነው፤ ከዚያ ከሰው ብዛት እግሬን የማሳርፍበት ቦታ አጣሁ። አንድ ጠና ያሉ ሰው የለበስኩት ኮት ላይ ያለውን ጠመኔ አይተው ጉልበታቸውን ሰብሰብ አደረጉና "ቲቸር፣ እዚህ ቁጭ በል" አሉኝ። የሆመቾ ሰው ናቸው፤ የጭነት መኪና ሹፌር። በምን እንደታሰሩ እስከ ዛሬ አላወቅኩም። እሳቸውም የሚያውቁ አይመስለኝም።

እኔን ያሳሰረኝ በትምህርት ቤታችን አዳራሽ ያዘጋጀሁት አጭር ቴአትር ነው። የጻፈችው የአንጋጫ ልጅ የሆነች ባልደረባዬ ናት፤ ያን ጊዜ አራስ ነበረች። መርማሪው የሚፈልገው የደራሲውን ስም ነው። "እኔ ነኝ" ብዬው ነበር፣ አላመነኝም።

በዚያ ሙቀትና የላብ ሽታ ከሰዓት በኋላው አይገፋም። ሹፌሩ "እስቲ የሆነ ነገር አውጋን" ሲሉኝ፣ ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ያነበብኩትን የአንድ እንግሊዛዊ ተዋናይ የሕይወት ታሪክ ጀመርኩላቸው። ከከተማ ከተማ እየዞረ መድረክ ላይ የጎለመሰ ሰው ነው። ድምፁ እስከ አዳራሹ የመጨረሻ ወንበር ድረስ ይሰማ ነበር። ፊልም ሲመጣ ግን ፊልሙ ድምፅ አልነበረውም፤ ያ ሁሉ ጉሮሮ ከንቱ ቀረ። ጓደኞቹ ሲስቁበት እሱ መስታወት ፊት ቆሞ በዓይኑ ብቻ መናገር ተማረ።

"አፉን ዘግቶ ደመወዝ በላ በለኛ!" አሉ ሹፌሩ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። "ኋላ ፊልሙ ድምፅ ሲያወጣስ?"

ልመልስ ስል ስሜ ተጠራ።

መርማሪው ስልኩን ፊቴ ላይ ደቀነ። "እየቀረጽኩ ነው። የጻፈውን ሰው ስም ተናገርና ዛሬውኑ ቤትህ ግባ።"

ፈራሁ። ቤቴን በጣም ፈለግኩት፤ ስሟ ምላሴ ጫፍ ደርሶ ነበር። ያ እንግሊዛዊ ትዝ አለኝ። የኮቴን ኮሌታ አስተካከልኩና ካሜራውን ትኩር ብዬ አየሁት። መርማሪው "ተናገር እንጂ! ተናገር!" እያለ የራሱን ድምፅ ብቻ ሲቀርጽ ቆየ።

ስመለስ ሹፌሩ ፊቴን አዩና የሚጠጡትን ውኃ አቀበሉኝ። ስለ ተዋናዩ አልጠየቁኝም።

አሁን ተፈትቻለሁ። ባልደረባዬ ዛሬም ታስተምራለች፤ ልጇም ትምህርት ቤት ገብቷል። የቴአትር ክበቡ ግን እንደተዘጋ ነው፣ እኔም ይከፈት ብዬ ጠይቄ አላውቅም። ባለፈው ሰሞን ሆሳዕና ከተማ ባጃጅ ተራ ላይ ሹፌሩ ከኋላዬ ጠሩኝ። ተቃቅፈን ቆየን።

"ቲቸር፣ ያ ሰውዬ ድምፅ ሲመጣ ተናገረ?"

"ተናገረ፣ ጋሼ። ሰው ቆሞ አጨበጨበለት።"

"አንተስ?"

መልስ ከመስጠቴ በፊት ዞር ብዬ አጠገባችን ማን እንዳለ አየሁ።