የልብስ ሰፊዋ ጉንጭ

ያ የጨለማ ክፍል ሽታ፣ ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚለው፣ ዛሬም ከፎቶ አንሺዋ አፍንጫ አልወጣም። አባቷ በቀይ አምፖል ሥር ጎንበስ ብለው ወረቀቱን በፎቶ ማጠቢያው መድኃኒት ውስጥ ሲያወዛውዙት፣ ከባዶው ነጭ ላይ መጀመሪያ ዓይን፣ ቀጥሎ አፍንጫ ብቅ ሲል፣ እሷ፣ ያኔ ትንሽ ልጅ፣ ትንፋሿን ውጣ ታይ ነበር። ጠባሳ ወይም ማድያት ያለበት ሰው ከመጣ፣ አባቷ የማረሚያ እርሳሳቸውን ከመጨበጣቸው በፊት ይጠይቁታል። «የቱን ልተው፣ የቱን ላጥፋ?» ሰውየው ራሱ እስኪናገር ድረስ እጃቸው አይንቀሳቀስም።

እሳቸው ሲያልፉ ፎቶ ቤቱ ለእሷ ቀረ። ከመንገዱ ማዶ ሌላ ፎቶ ቤት የከፈተው ደግሞ እሳቸው ያሠለጠኑት ጭላንጭል ነው። ስሙን ያወጡለትም ራሳቸው ናቸው፤ ሥራ በጀመረበት ቀን የጨለማውን ክፍል በር ገርበብ አድርጎ በገባው ጭላንጭል ብርሃን አንድ ሙሉ ፊልም አበላሸባቸው፣ እሳቸውም ሲስቁ ዋሉ። አሁን ደንበኛ ወደ ጭላንጭል ይጎርፋል፣ የእሷ ወንበር አቧራ ይጠጣል። ፎቶ ቤቱ በእጄ ላይ ሊዘጋ ነው እያለች ማዶውን ስታይ ትውል ነበር።

በሰፈሩ አንዲት ልብስ ሰፊ አለች፤ ግራ ጉንጯን ድሮ እሳት ፈጅቶታል። ለመታወቂያ የተነሣችው እዚህ፣ ፎቶ አንሺዋ ዘንድ ነው። ብዙም ሳይቆይ የዚህችው ሴት ትልቅ ፎቶ በጭላንጭል መስኮት ተሰቅሎ ታየ፤ ጉንጯ እንደ ሳህን ልሙጥ ሆኗል። ፎቶ አንሺዋ በስልኳ አነሣችውና ራሷ ካነሣችው የመታወቂያ ፎቶ ጋር ጎን ለጎን አድርጋ በፎቶ ቤቷ የኢንተርኔት ገጽ ላይ ለጠፈችው። «በስተቀኝ የጎረቤታችን ሥራ። ፊት ነው ወይስ የተላጠ ድንች? እኛ ሰውን እንዳለ ነው የምናነሣው።»

ከሥሩ ሳቁ ጎረፈ። መሀል ላይ አንዱ፣ «ይቺ ልብስ ሰፊዋ አይደለችም እንዴ? ጉንጯ እንዲህ ነው ለካ!» ብሎ ጽፏል። አይታ እንዳላየች አለፈችው።

በማግስቱ ጭላንጭል መጣ።

«ደህና ነሽ፣ እትዬ?»

«ደህና። ድንቹ ነው ያመጣህ?»

ፈገግ ለማለት ሞክሮ ተወው። «ብርሃኑ አልተስተካከለልኝም፤ አገጯ ሥርም ጥላው ከብዷል። ጋሼ ቢያዩት ጆሮዬን ነበር የሚቆነጥጡኝ።»

«ካመንክ ታዲያ ምን ያስኮርፍሃል?»

«ስለ ጥላው ብትጽፊ አላኮርፍም ነበር። ጉንጯን ግን በራሴ አልነካሁትም። ‹ሳልቃጠል በፊት የነበርኩትን አድርገኝ› አለችኝ። ‹መስኮትህ ላይ ስቀለው፣ ሳልፍ ልየው› ያለችውም እሷ ናት። እትዬ፣ እኔን ልትመቺ ስትወረውሪ እሷን ነው ያገኘሻት።»

«አንድ ቃል ብትነግረኝ ምን ነበረበት?»

«ጠየቅሽኝ?» አለና፣ «በይ ደህና ዋይ» ብሏት ወጣ።

የለጠፈችውን አጠፋች። ሌላ ጻፈች። «ጎረቤታችን የብርሃን አያያዝ ይቀረዋል እንጂ ቅን ሠራተኛ ነው፤ ጠባሳውን የሸፈነው ደንበኛዋ ፈቅዳ ነው።» ደግማ ስታነበው ለጭላንጭል ፍርዱ የተስተካከለ ነው፤ ሴትዮዋ ግን አሁንም መሀሉ ላይ ተገትራለች። እሱንም አጠፋችው። በመጨረሻ፣ «በጎረቤቴ ሥራ ላይ የቀለድኩት ሳልጠይቅ ነው። እሱ ጠይቆ ነው የሠራው» ብላ ብቻ ለጠፈች።

ከሰዓት በኋላ ልብስ ሰፊዋ ገባች። በሰፈሩ ፊቷን ሸፍና የማታውቅ ሴት፣ ሻሿን እስከ ግራ ጉንጯ ጎትታዋለች።

«ፎቶዬን አጥፊልኝ።»

«አጥፍቼዋለሁ፣ እህቴ። ይቅርታ አድርጊልኝ፣ እኔ እኮ...»

«ከገጹ አላልኩም። ከኮምፒውተሩ።»

እያሳየቻት አጠፋችው።

«ዛሬ ልብስ ሊለኩ የመጡት ሁሉ ጉንጬን ሲለኩ ዋሉ» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ ድምጿን ሳታነሣ።

ፎቶ አንሺዋ ብድግ አለች። ወንበሩን በእጅጌዋ ጠረገች፣ መብራቱን አዞረች። «ተቀመጪ። እንደገና ላንሣሽ፤ አንቺ እንዳልሽው አደርገዋለሁ።» ከዚያም ከአባቷ ወዲህ እዚያ ክፍል ውስጥ ያልተሰማው ጥያቄ ከአፏ ወጣ። «የቱን ልተው፣ የቱን ላጥፋ?»

ልብስ ሰፊዋ ወንበሩን አየችው። በበሩ መስታወት አሻግራም የጭላንጭልን መስኮት አየች፤ ትልቁ ፎቶ በእሷው ጥያቄ ወርዶ ሚስማሩ ብቻ ቀርቷል። ሻሿን አጥብቃ ያዘችና ሳትቀመጥ በሩን ከፍታ ወጣች።