ለጎረቤት የታሰረው በግ

ሐይቅ ከተማ፣ አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ፣ በሳምንት አንድ ቀን ለዜግነት ትምህርት ክበብ ግጥም አስተምራለሁ። የጠሩኝ “መቻቻልን በግጥም አስረዳልን” ብለው ነው። ከክበቡ ልጆች ጎበዙ የአክስቴ ልጅ ነበር። እሱም ክበቡ ውስጥ ካለው ከጎረቤታቸው ሙስሊም ልጅ ጋር ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠዋል፤ ሐይቁ ዳር አንድ መንጠቆ ተጋርተው ዓሣ አጥምደዋል። ባለፈው ዓመት ግን የአክስቴ ልጅ ስልክ “ሊያጠፉን ነው” የሚሉ ሰዎች መፎከሪያ ሆነ። ዴስክ ቀየረ።

“ምን አደረገህ?” አልኩት።

“እሱ ምንም። እነሱ ናቸው እንጂ።”

“እነሱ እነማን?”

“ቲቸር ደግሞ!” ሳቀብኝ። “አንተ ስልክህ ላይ የሚመጣልህ ግጥም ብቻ ነው።”

ቤቴ ገብቼ ግጥም ጻፍኩለት፤ ቀደድኩት፤ ደግሜ ጻፍኩ።

በጥር እህቱ ተዳረች። እኛ ጋ ክርስቲያን ሲደግስ ለሙስሊም እንግዶቹ ለብቻ በግ ያስራል፤ የሚያርደው ሙስሊም ጎረቤት ነው፤ ወጡም በእነሱው እጅ፣ በሌላ ድስት ይሠራል። ጎረቤትም ሳይጠራ ቢላዋ ይዞ አይመጣም። አክስቴ እንዲጠራ የላከችው ልጇን ነበር። “ነግሬያለሁ” አላት። አልነገረም።

የሠርጉ ዕለት ረፋዱ ላይ የሙስሊሞቹ ዳስ ባዶውን ቆሟል፤ በጉ በር ላይ ይጮኻል። አክስቴ ነገሩ ሲገባት ነጠላ እንኳ ሳትደርብ ሮጠች። ጎረቤትየው ቢላዋውን ይዞ ተከትሏት መጣ።

“አብሽሪ እቴ፣ ምን ያስለቅስሻል? ይሄ በግ እንደሆነ እኔ ካልመጣሁ አይሞትም!”

ሁሉም ሳቀ።

“ልጅህስ?” አለችው።

ድምፁን ዝቅ አደረገ። “ና ብለው እንቢ አለኝ። ‘እሱ አልጠራኝም’ ነው የሚለው።”

የአክስቴን ልጅ ከዳሱ ጀርባ ወሰድኩት። “ሂድና አምጣው፤ በመሀላችሁ ያለው አንድ አጥር ነው” አልኩት። አጥሩን አየ። አንድ አፍታ የሚሄድ መሰለኝ። ከዚያ ስልኩን አወጣ።

በሳምንቱ ክበብ ገባን። ጓደኛው ቀርቷል፤ ዳግመኛም አልመጣም። “መቻቻል ማለት ምን ማለት ነው?” ብዬ ጠየቅሁ። እጁን ያወጣው የአክስቴ ልጅ ብቻ ነበር። ተነሥቶ፣ የሌላውን እምነትና ማንነት አክብሮ አብሮ መኖር እንደሆነ አንድ ቃል ሳያዛባ ተናገረ። ልጆቹ አጨበጨቡለት።

ሌላ ምን እንደምጠይቀው አላወቅሁም። “ትክክል ነው” አልኩት። ተቀመጠ።